ከጓዳ እስከ ጓሮ

«ካምፕ» የምትለው ቃል በእኛ አገር መልካም ስም የላትም። ካምፕ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የጦር ሠፈር ነው፤ ቀጥሎ የስደተኞች መጠለያ፤ ከዚያም መንገድ ሠሪዎች በየበረሃው የሚቀልሷቸው የቆርቆሮ ቤቶች። «ልጅህ ካምፕ ገባ» ማለት ደግሞ የእኔ ዕድሜ እኩዮች ሲያድጉ ወላጆቻቸውን ቀጥ የሚያደርግ ዜና ነበር። ምክንያቱን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም። «ሰመር ካምፕ» ተብላ ዘመናዊ ልብስ ለብሳ ወደ ከተማችን የገባችውም ብትሆን ከፍለው መላክ የሚችሉ ወላጆች ጉዳይ ሆና ቀርታለች።

እናላችሁ ስለ ካምፕ ላወራ ስነሳ የትኛውን ካምፕ ማለቴ እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። ልጆች ከቤታቸው ወጥተው ጥቂት ቀናት በዛፍ ሥርና በሜዳ ላይ የሚያሳልፉበትን ነው፤ አንዳንዱ ያሳድራል፣ አንዳንዱ ማታ ማታ ወደ ቤት ይመልሳል። ልጆቹ ደግሞ ማንም ለልደት እንኳ የማይጠራቸው ናቸው፦ ኦቲዝም ያለባቸው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ሴረብራል ፓልሲ ያለባቸው፣ ሐሳባቸውን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ የሚቸግራቸው።

ሰበብ የሆነኝ አንድ ፊልም ነው። «ክሪፕ ካምፕ» ይባላል። በ2020 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው። ኒኮል ኒውናምና ጂም ሌብሬክት ሠሩት፤ ኦባማና ባለቤታቸው ከጀርባው ነበሩበት። በ2021 ለኦስካር ታጭቶ ስለ ኦክቶፐስ የሚተርክ ሌላ ፊልም ሽልማቱን ወሰደበት። (ኦክቶፐሱን ያሸነፈ አካል ጉዳተኛ እስኪመጣ መጠበቅ ነው እንግዲህ።) በርዕሱ ያለችው «ክሪፕ» ከስድብ የተቆረጠች ቃል ናት፤ በእኛ አፍ «ሽባ» ወይም «አንካሳ» እንደ ማለት። ባለቤቶቹ ራሳቸው አንስተው ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስድብ የሚሞተው ሲከለከል ሳይሆን ተሰዳቢው ሲወርሰው ነው እል ነበር፤ ተማሪዎቼም ምሳሌ አምጣ ይሉኝ ነበር። ይኸው ምሳሌው።

ፊልሙ የሚያወራው ስለ ካምፕ ጄኔድ ነው። ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ በካትስኪል ተራሮች ውስጥ በ1951 የተከፈተ የአካል ጉዳተኞች ካምፕ ነበር። በሰባዎቹ መጀመሪያ ያስተዳድሩት የነበሩት ፀጉራቸውን ያንዠረገጉ፣ ጊታር የሚደረድሩ፣ ስለ ሕክምና ብዙም የማያውቁ ወጣቶች ናቸው። በ1971 ቪዲዮ ካሜራ የያዙ ሌሎች ወጣቶች መጥተው የካምፑን ኑሮ በጥቁርና ነጭ ቀረጹት፤ የፊልሙም ሀብት ያ ምስል ነው። ቤዝቦል ሲጫወቱ እናያለን። ሲዋኙ፣ ሲያጨሱ፣ ሲሳሳሙ እናያለን። አንድ ጊዜ ካምፑ ውስጥ ቅማል ይገባል (ያውም በየትኛው የሰውነት ክፍል የሚራባው!)፣ ልጆቹም ከማፈር ይልቅ በሳቅ ይፈነዳሉ። ለካስ ቅማሉ ምሥራች ኖሯል! ከቤት ያልወጣ ልጅ ከማን ይጋባበታል?

ከሁሉ በልጦ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የጠረጴዛው ትዕይንት ነው። ወጣቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ስለ ወላጆቻቸው ያወራሉ። ተራው የአንዲት ሴረብራል ፓልሲ ያለባት ልጅ ይሆናል። ንግግሯ ላልለመደው ጆሮ አይለይም። ትናገራለች፤ ይቆያል፤ አሁንም ትናገራለች። ማንም አያቋርጣትም። ማንም «እንዲህ ለማለት ፈልገሽ ነው?» ብሎ ከአፏ አይነጥቃትም። ማንም ሰዓቱን አያይም። ስትጨርስ አንድ ጓደኛዋ የገባውን ያስረዳል፦ የምትናገረው ብቻዋን ስለ መሆን መብት ነው። ሰው ሁልጊዜ ለሚያጥባት፣ ሁልጊዜ ለሚያለብሳት ልጅ ብቸኝነት የተነፈጋት ሀብት ነው። እኛ እነዚህን ልጆች የምናዝንላቸው ብቸኞች ናቸው እያልን አይደል? ያ ትዕይንት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን እኔ ስለ ካምፕ ጥቅም ካነበብሁት ሁሉ የበለጠ ያስረዳል። የጄኔድ ተራራ ያቺን ልጅ አላዳናትም፣ ንግግሯንም አላቃናም። ያቀናው የአድማጮቿን ትዕግሥት ነው።

ይኼን ካመሰገንሁ በኋላ ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

ፊልሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ካምፑን ትቶ ወደ ፖለቲካ ይሄዳል። በጄኔድ ካደጉት አንዷ ጁዲ ሂውማን ናት፤ በሕፃንነቷ ፖሊዮ ያጠቃት፣ «ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አታስተምሪም» ያላትን የኒውዮርክ ትምህርት ቦርድ በ1970 ከስሳ ያስተማረች፣ በ2023 ያረፈች ብርቱ ሴት። በሚያዝያ 1977 እሷና ከመቶ በላይ ጓደኞቿ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገብተው አንወጣም አሉ። ወደ አራት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ወለል ላይ ተኙ። ብላክ ፓንተሮች ትኩስ ምግብ ያመላልሱላቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ሚኒስትሩ ፈረመ፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚነካ ተቋም ሁሉ አካል ጉዳተኛን እንዳያገልል የሚያዘው «504» የተሰኘው አንቀጽ ሥራ ላይ ዋለ። ታሪኩ እውነት ነው፤ የሚያኮራም ነው። ችግሬ ከአተራረኩ ጋር ነው። ፊልሙ ካምፑን የሚያመሰግነው በኋላ በወለደው ሕግ ነው። ልጆቹ ተጫወቱ፣ ስለዚህ ታገሉ፣ ስለዚህ አሸነፉ። ጨዋታው ዋጋ የሚያገኘው ወደ ድል ሲመነዘር ብቻ ነው።

ታዲያ መፈክር የማይዘው ልጅስ? ጨርሶ የማይናገረውስ? በሠላሳ ዓመቱም ጫማውን ለማሰር ሰው የሚፈልገውስ? እንዲህ ያሉት በፊልሙ የሚታዩት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሱም ዊሎውብሩክ ውስጥ ነው። ዊሎውብሩክ ለአራት ሺህ ሰው ተሠርቶ ከስድስት ሺህ በላይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የታጎሩበት የኒውዮርክ መንግሥት ተቋም ነበር። በ1972 አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ ገብቶ እርቃናቸውን መሬት ላይ የተቀመጡትን ልጆች ለዓለም አሳየ፤ ተቋሙ የተዘጋው ግን በ1987 ነው። እናም ተመልካች ሁለት ዓይነት ልጆች ያሉ ይመስለዋል፦ ተራራ ላይ ጊታር እየሰማ ነገ የሚታገል፣ ወይም ሲኦል ውስጥ የሚታዘንለት። በመሀል ያለውን፣ የማይታገለውንና ሜዳው ላይ መሮጥ ብቻ የሚፈልገውን ልጅ ፊልሙ የት እንዳስቀመጠው ፈልጌ አጣሁት።

እሱን ልጅ ለማግኘት ወደ ሌላ ካምፕ መሄድ አለብን። የሚገርመው ይኼኛው ካምፕ ተራራ ላይ ሳይሆን ጓሮ ውስጥ ነበር።

ጊዜው 1962 ነው። ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እኅት ናት። ባሏ ሳርጀንት ሽራይቨር የሰላም ጓድ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነው። በነገራችን ላይ በዚያው በ1962 ነው ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የሰላም ጓድ መምህራን አገራችን ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ የተበተኑት፤ ስንቱ የዛሬ ሽማግሌ እንግሊዝኛውን ከእነሱ ተማረ። ባል መምህራን ወደ ሐረርና ወደ ጎንደር ሲልክ፣ ሚስት ሜሪላንድ በሚገኘው ግቢያቸው ሌላ ትምህርት ቤት ከፈተች ማለት ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች የሚቀበል የክረምት ካምፕ የለም ብለው እናቶች ሲያማርሩላት ጊዜ «እንግዲያው እዚሁ አምጧቸው» አለች። ሠላሳ አምስት ገደማ ልጆች መጡ። ለእነሱም ሃያ ስድስት የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎችን አጃቢ አድርጋ መደበች። ልጆቹ ዋኙ፣ ፈረስ ጋለቡ፣ ዛፍ ወጡ። በዘመኑ ሐኪሙም መምህሩም እነዚህ ልጆች መዋኘት አይችሉም፣ ይሰጥማሉ፣ ይጎዳሉ ይሉ ነበር። ዩኒስ ራሷ የዋና ልብስ ለብሳ ውሃው ውስጥ ትገባ ነበር።

ለምን አደረገችው? የኬኔዲ ቤትም ጓዳ ነበረው። ታላቅ እኅቷ ሮዝሜሪ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነበረባት። አባትየው በ1941 በሃያ ሦስት ዓመቷ አእምሮዋን አስቀደዳት፤ ከዚያ በኋላ መናገርም መራመድም በቅጡ ተሳናት፤ ዊስኮንሲን ውስጥ በአንድ ተቋም ለአሥርት ዓመታት ከዓይን ተሰውራ ኖረች። አሜሪካን የሚመራ ቤተሰብ፣ ያ ሁሉ ሀብት፣ ያ ሁሉ ሐኪም፤ ልጁን ግን ደበቀ። ጓሮው የተከፈተ ዓመት መስከረም ላይ ዩኒስ የእኅቷን ነገር በአንድ ታዋቂ መጽሔት ጽፋ አወጣችው። ስለዚህ «መደበቅ የድሃና የኋላ ቀር ሕዝብ ባሕል ነው» የሚሉን የእኛ ምሁራን ቀስ ይበሉ።

በእኔ ግምት የጓሮው ካምፕ ትልቁ ፈጠራ ፈረሱ ወይም ገንዳው አይደለም። ሃያ ስድስቱ ወጣቶች ናቸው። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ከዚህ ቀደም አይቶት የማያውቀውን ዓይነት ልጅ እጅ ይዞ ሙሉ ቀን ሲውል፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ልጁ በካምፑ ማብቂያ የተለወጠውን ያህል ላይለወጥ ይችላል። ጎረምሳው ግን ነገ ሐኪም ይሆናል፤ ነገ አስተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ታክሲ ነጂ፣ ጎረቤት ይሆናል።

ጓሮው በ1968 ስታዲየም ሆነ። ቺካጎ ውስጥ አንድ ሺህ ያህል ስፖርተኞች የተሳተፉበት የመጀመሪያው ስፔሻል ኦሊምፒክስ ተካሄደ፤ ዛሬ ዓለምን ያዳረሰ እንቅስቃሴ ነው። ማንም ይኼን አሳንሶ ማየት አይችልም። ቢሆንም አንድ ነገር ከጓሮው ወደ ስታዲየሙ ሲሄድ መንገድ ላይ የወደቀ ይመስለኛል። ስታዲየም ይለካል፤ ስንት ሜትር፣ ስንት ሰከንድ፣ ስንተኛ። ዛፍ ላይ የወጣን ልጅ ማንም አይለካውም። እኔ ዛፉን እመርጣለሁ፤ ሜዳሊያው የሚያስደስታቸው ወላጆች ቅር አይበላቸው።

እሺ፣ ሳይንሱስ ምን ይላል? የሚላቸው ነገሮች ደግ ናቸው፤ ግን ትንንሽ ናቸው። በእስራኤል ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆናቸው ኦቲዝም ያለባቸው ሃምሳ አንድ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በ2017 ታትሟል። ሠላሳዎቹ ለአሥራ ሦስት ሳምንታት ከቤት ውጭ ገመድ ላይ እየወጡ፣ እየተሳሳቡ፣ እየተጋገዙ ተጫወቱ፤ ሃያ አንዱ የተለመደውን ቀጠሉ። የተጫወቱት ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ ሻል ብለው ተገኙ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2009 በታተመ ጥናት ትኩረት የሚቸግራቸው አሥራ ሰባት ልጆች ለሃያ ደቂቃ በመናፈሻ ውስጥ፣ በሌላ ቀን መሀል ከተማ፣ በሌላ ቀን በመኖሪያ ሠፈር ተራመዱ። ከመናፈሻው ሲመለሱ ሐሳባቸውን መሰብሰብ ቀለላቸው። ሃምሳ አንድና አሥራ ሰባት ልጅ ይዞ «ተፈጥሮ ፈወሰ» ብሎ አዋጅ ማስነገር ግን አይቻልም። ኦቲዝም በሽታ አይደለምና በአየር ለውጥ አይድንም።

ካልፈወሰ ታዲያ ምኑ ይጠቅማል? ነገሩን ከልጁ ጫማ ውስጥ ሆናችሁ እዩት። ክፍል ውስጥ መምህሩ «ደብተራችሁን አውጡ፣ ገጽ አሥራ ሁለትን ግለጡ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ሥሩ» ይላል። ሦስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ። የመጀመሪያውን ሲይዝ ሁለተኛው አምልጦታል፤ ከጀርባው ወንበር ይንቋቋል፣ ከላይ የመብራቱ እዝዝታ ጆሮውን ይበላዋል። ሜዳ ላይ ግን ትእዛዙ በዕቃው ውስጥ ነው። እንጨት ተሸክመህ እሳቱ ጋ ታደርሳለህ፤ ደረሰ፣ አለቀ። ገመዱ ላይ አንድ ሰው ካለ ተራህን ትጠብቃለህ፤ «ተራ» ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳህ አይጠበቅበትም፤ ይታያል። ከባድ ነገር መግፋትና መሸከም አንዳንዱን ልጅ ያረጋጋዋል። መጮህ ካማረው ይጮኻል፤ ጎረቤት ግድግዳ አይደበድብም። በየዕለቱ በአንድ ሰዓት ያው ነገር ይደረጋል፤ ነገ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ለእነዚህ ልጆች ነገን ማወቅ እንጀራ ነው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ላልተዘጋጀበት ልጅ ሜዳም መከራ ነው። እርጥብ ሣር እግሩን ሲነካው የሚያለቅስ አለ፤ የነፋስ ድምፅ የሚያስደነግጠው አለ፤ አዲስ ቦታ ብቻውን የሚያሳብደው አለ። ደህና ካምፕ ቀደም ብሎ ቦታውን በፎቶግራፍ ያሳየዋል፣ የቀኑን ውሎ በሥዕል በሥዕል ተርታ ይሰቅልለታል፣ የሚሸሸግባት ጸጥ ያለች ጥግ ያዘጋጅለታል። ከሁሉ የሚከፋው አደጋ መጥፋት ነው። በ2012 በታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ላይ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከአራት ዓመት ዕድሜያቸው በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአሳዳጊ ዓይን ሊያመልጡ መሞከራቸው ተነግሯል። ብዙዎቹን ደግሞ ውሃ ይስባቸዋል። አጥር የሌለው፣ የሚቆጥር ሰው የሌለው፣ ሐይቅ ዳር የተተከለ ካምፕ ደግነት አይደለም፤ ወንጀል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ እነዚህን ልጆች ለረጅም ጊዜ ስንጠራባቸው የኖርነው ቃል «ዘገምተኛ» የሚል ነው። ዛሬ ቃሉ እንደ ስድብ ተቆጥሮ «ውስንነት» በሚለው ተተክቷል፤ ተገቢም ነው። ሥሩን ስታዩት ግን አይከፋም፤ ዘገም ማለት ቀስ ብሎ መራመድ ነው። ጥፋቱ የቃሉ አልነበረም፤ ሁሉም ሰው በሚሮጥበት መንገድ ላይ ብቻ እንዲራመዱ መፍቀዳችን ነው። ያውም ከፈቀድን። በ2016 የታተመ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ያነጋገረ ጥናት አለ። ከመቶ አርባ አምስት ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል፤ ከአራት አንዱ ያህል ነገሩ እንዳይታወቅ እንደሚጥር አልሸሸገም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ክሊኒክ የመጡት ናቸው። ያልመጡት ምን እንደሚሉ ገምቱ። ጓዳችን ጥልቅ ነው።

ጓዳውን የከፈቱ አሉ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የውበት ባለሙያ ነበሩ፤ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ሲያውቁ ማንም የሚቀበለው ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ2021 እስኪያርፉ ድረስም በየቴሌቪዥኑ ቀርበው «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ሲሉ ኖሩ። በዚያ ዘመን ይህን በአደባባይ ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደነበረ ያየ ያውቀዋል። በ2010 ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። በውስጡ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት እንደ ሌሎች ሕፃናት ሁሉ የመጫወትና የመዝናናት መብት እንዳላቸው የሚናገር አንቀጽ አለ። መጫወት፣ በሕግ! ያጸደቀው ሰው አንብቦት ይሆን?

ካምፕ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን የእኛ ሕዝብ ካምፕ ካወቀ ቆይቷል ባይ ነኝ። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ጻድቃኔ ማርያም ድረስ ጠበል ቦታ የሚሰነብቱትን እናቶች አስቡ። ልጇን ይዛ ከቤት ወጥታ ሁለት ሳምንት፣ ወር፣ ከዚያም በላይ ትቀመጣለች። ጎህ ሳይቀድ መነሣት፣ በዳገት መራመድ፣ ተራ መጠበቅ፣ መጠመቅ፣ አብሮ መብላት፤ ቀኑ ሥርዓት አለው። ልጁ ቢጮህ ዞሮ የሚያፈጥበት የለም፤ እዚያ ጩኸት የተለመደ ነው። እናትየውም ዕድሜዋን ሙሉ ያጣችውን ታገኛለች፤ እንደ እሷ ያለች ሌላ እናት። ይኼን ሳስብ በጠበሉ ላይ ለማፌዝ የሚቸኩሉት ወገኖች ያበሳጩኛል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እሷ የሄደችው ለመዳን ነው። ልጁ እንደ ሄደ ከተመለሰ፣ ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ሆነ?» ሲላት የምትመልሰው የላትም፤ እምነቴ ጎደሎ ነበር ብላ ራሷን ትከስሳለች። ካምፕ የሚሰጠው ያንኑ ሜዳ፣ ያንኑ ሥርዓት፣ ያንኑ ጓደኛ ነው፤ ሲመለሱ ግን ማንም ስለ መዳን አይጠይቃቸውም። «ተጫወታችሁ?» ይባላሉ። «ተጫወትን» ይላሉ።

የእኛ ማኅበራት ታዲያ የመረጡት ከሁለቱም የባሰውን ነው፤ የአንድ ቀን ጉዞ። የተባበሩት መንግሥታት ኤፕሪል 2ን የኦቲዝም ቀን ካደረገው ወዲህ በየዓመቱ ቲሸርት ይታተማል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አውቶቡስ ይከራያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሾፍቱ ወደሚገኝ አንድ ግቢ አብሬ ተጉዣለሁ። ድንኳን ተጥሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያው እስከ ጥግ ተከፍቷል። የክብር እንግዳው አረፈዱ። ሲመጡ ንግግር፣ ከንግግሩ በኋላ ሌላ ንግግር። ልጆቹ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። በድንኳኑ ጀርባ ግን አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ ከግቢው አትክልተኛ ጋር ቆሞ በጎማ አበባ ያጠጣል። አትክልተኛው ስለ ኦቲዝም የሰማ አይመስለኝም። «ጎበዝ! አሁን ደግሞ ያችን ጽጌረዳ» ይለዋል፤ ልጁ ያችን ያጠጣል። «ቀጥሎ ይችን»፤ ይችን ያጠጣል። ወደ አርባ ደቂቃ ይሆናል። ልጠጋው ስል እናቱ እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ አይጥሩብኝ፤ እንዲህ ረግቶ አይቼው አላውቅም» አለችኝ። እሷ ራሷ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ብርቱካን እየላጠች ነበር፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ሰው። ከዚያ አስተባባሪዎቹ መጡ። የቡድን ፎቶ ነው። ጎማውን ከእጁ ነጠቁት። ልጁ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ካሜራው ያገኘውም ያንን ነው። ማታ በአውቶቡሱ ውስጥ አንዱ የኮሚቴ አባል «ያው እንደምታዩት ከባድ ልጆች ናቸው» ሲል ሰማሁት።

አንድ ቀን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለእነዚህ ልጆች የድንጋጤ ቀን ነው፤ ሁለተኛው የማሽተት ነው፤ ጨዋታ የሚጀመረው በሦስተኛው ነው። እኛ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ቀን ማታ አውቶቡስ እንሳፈራለን።

የፈረንጁን እንዳለ ገልብጠን «ሰመር» ማለታችንም ሌላ ጉድ ነው። የእነሱ ዕረፍት ፀሐይ ነው፤ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ዶፍ ነው። ጭቃ ውስጥ ድንኳን የሚተክል ማን አለ? የእኛ ካምፕ ጊዜው ጥር ነው፤ ሰማዩ የጠራ፣ መሬቱ የደረቀ፣ ትምህርት ቤቶችም በሁለቱ መንፈቅ መካከል የሚተነፍሱበት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚያው ሰሞን ያርፋሉና ሃያ ስድስቱን ወጣቶች እዚያ እናገኛቸዋለን፤ ከሥነ ልቦናና ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍሎች ብቻ ሳይሆን ከምሕንድስናም፣ ከሒሳብ አያያዝም። ቦታውን ምረጥ ብባል ስለ ውሃው በተናገርሁት ምክንያት ላንጋኖን ትቼ የመናገሻ ሱባን ጫካ እመርጣለሁ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ነው፣ ሩቅ አይደለም፤ ያ ዘርዐ ያዕቆብ አስተከለው የሚባለው ጥድ ጥላው ብቻ ይበቃል። ወጪው አውቶቡስ፣ ምሳ፣ ገመድ፣ የአጥር መረብ፣ አንድ ነርስ ነው። የክብር እንግዳ አያስፈልግም። ድምፅ ማጉያ ክልክል ነው።

አንድ ወዳጄ ይኼን ሐሳብ ሳጫውተው «የጥር ሌሊት ሱባ ላይ አጥንት ይሰብራል፤ ጅቡም አለ፤ ድምፅ የሚረብሸው ልጅ የጅብ ጩኸት ሰምቶ እንዴት ያድራል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ማን ይደር አለ? የዩኒስ ጓሮም ሌሊት ባዶ ነበር። ልጆቹ ጠዋት መጥተው ሲጫወቱ ይውሉና ማታ ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር፤ በማግሥቱም ያው ፈረስ፣ ያው ገንዳ፣ እጃቸውን የሚይዘውም ያው ጎረምሳ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።